ጓደኛዬ እንድመሰክርለት የፈለገው ሕግ

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ከበረንዳው እስከ አጥሩ እመላለሳለሁ፤ ገብቼ እቀመጥና መልሼ እነሣለሁ። ባለቤቴ፣ «ኧረ አንድ ቦታ እረፍ፣ እኔንም አዞርኸኝ!» አለችኝ።

ምክንያቱ ጓደኛዬ ነበር። ድብ ባሕር ተወልዶ ጎንደር ውስጥ እህል የሚነግድ፣ ወንድሜ የምለው ሰው ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገባና ለእረፍት ሲመለስ፣ «ፈጣሪ የሚባል የለም» ብሎ ቁጭ አለ። አባትየው እንቅልፍ አጣ። ስልኩ ላይ ስብከት ሲያገላብጥ ሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ የሚጠቅስ አንድ ሰባኪ አገኘ፤ በቃ፣ ልጄን የምመልስበት ተገኘ ብሎ በዋዜማው ማታ እየሮጠ ወደ እኔ መጣ።

«የፊዚክስ መምህር ነህ» አለኝ። «ነገ የማርያም ማኅበር ተራው የእኔ ነው። ልጄም ይኖራል። እኔ ሕጉን እናገራለሁ፤ አንተ ልክ ነው ብቻ በልልኝ።»

«ልክ ባይሆንስ?»

«ምነው? መጽሐፋችሁ ላይ ያለ አይደለም እንዴ?»

ሕጉ መጽሐፉ ላይ አለ። ግን እሱ የሚለውን አይልም። ልጁን ደግሞ ፊዚክስ ያስተማርሁት እኔው ነኝ።

ማኅበሩ ላይ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው እንደተቀዳ ጓደኛዬ ቆመ። «ቤት ካልጠገኑት ይፈርሳል። ልብስ ይነትባል። ሁሉም ነገር ወደ መበታተን ነው የሚሄደው፤ ይኼ የሳይንስ ሕግ ነው። ታዲያ ሕይወት ያለ ፈጣሪ እንዴት ተሰባስቦ ቆመ? ልክ አይደለም፣ መምህር?»

መምህር ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው፤ «ልክ ነው» ብል ቤቱ ሙሉ እልል ይል ነበር። ግን አልወጣ አለችኝ።

«ሕጉ የሚናገረው ከውጭ ምንም ስለማይገባበት፣ ከውስጡም ምንም ስለማይወጣበት ነገር ነው» አልሁ። «ምድር ግን ከፀሐይ ትቀበላለች፤ ሙቀቷንም መልሳ ትለቃለች። ለዚህ ጠላ ገብሱ ብቅል ሲሆን ይሞቅ የለም እንዴ? ቡቃያው ወጣ፣ ሙቀቱም ወደ ውጭ ሄደ፤ ሕጉ አልተጣሰም። እኔ በፈጣሪ አምናለሁ። በዚህ ሕግ ግን ላረጋግጥ አልችልም።»

ልጁ ፈገግ አለ። ንድድ አለኝ። «አንተም አትሳቅ!» አልሁት። «ሕጉ ፈጣሪ የለምም አይልም።»

የማኅበሩ ቄስ ጽዋውን ሊያዞሩ ሲሉ ጓደኛዬ፣ «እኔ ይኼን ሰው ተቀይሜዋለሁ» አለ። በማኅበራችን የተቀያየመ ሰው ካለ ሳይታረቅ ጽዋ አይዞርም። ስለዚህ ሽማግሌዎች እዚያው ተቀመጡልን። አንድ ትልቅ ሰው ግራ ቀኙን ከሰሙ በኋላ፣ «አንተ መምህሩ ከሕጉ ትንሽ ቀንስለት፤ አንተም ትንሽ ተውለት፤ ሸጋ ነው» ብለው ፈረዱ። በእርሻ ድንበር ተጣልተን የመጣን ነው የመሰልናቸው። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። «አያ፣ ከየትኛው በኩል ልቀንሰው?» አልኋቸው። ማንም አልሳቀም።

በመጨረሻ ተነሥቼ፣ በቤቱ ስላሳፈርሁት ይቅርታ ጠየቅሁት። ስለ ሕጉ አልጠየቅሁም። ሳመኝ፤ ጽዋውም ዞረ። እኔ ግን ቶሎ ልሂድ አልሁ።

እስከ በሩ ሸኘኝ። «ልክ መሆንህን አውቃለሁ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት ወደ አንተ ሳልመጣ ልጄ ይኼንኑ ነግሮኛል፤ ፀሐይዋንም፣ ከውጭ ምንም የማይገባበትንም፣ ሁሉንም።»

«ታዲያ ምን አድርግ ብለህ ነው የጠየቅኸኝ?»

«ልጄ፣ ‹ቲቸር ልክ ነው ካለህ፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ በማኅበሩ ማግስት ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አብሬህ ሄጄ እሳለማለሁ› ብሎኝ ነበር።»

እጄን ለቀቀና ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።