የአባ ጥላ ጽዶች

ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል የጽድ ሽታ ከግድቡ ጀርባ ተነሥቶ በዘበኛው ቤት መስኮት ይገባ ነበር። በዚያ ዘመን ያንን ሽታ ያሸተተ እንግዳ ግድብ ሊያይ መምጣቱን ረስቶ መናፈሻ የገባ ይመስለው ነበር። ይህ ሁሉ የአባ ጥላ ሥራ ነው።

አባ ጥላ የግድቡ ዘበኛ ናቸው። መዝገብ ላይ ያለውን ስማቸውን የሚያውቀው የደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰው አባ ጥላ ናቸው። በጎልማሳነታቸው ተቀጥረው ሲመጡ ግድቡ በቅርቡ የተጠናቀቀ የአፈር ክምር ነበር። በአንድ ወገን ሐይቁ፣ በሌላው ወገን ከታች ከተማው አለ፤ ወደ ከተማው ያዘነበለው ጀርባው ግን እንደ ተላጨ ራስ ራቁቱን ተዘርግቷል። ይህ ዐይናቸውን ቆረቆረው። በልጅነታቸው የተማሩበት የንባብ መጽሐፍ፣ ዛፍ የሌለው ተዳፋት በጎርፍ ተጠርጎ እንደሚሄድ፣ ሥር ግን አፈርን እንደ እናት አቅፎ እንደሚይዝ ያስተምር ነበር። ሥዕልም ነበረው። ያንን ምንባብ በቃላቸው ተወጥተው በክፍል ፊት አስጨብጭበውበታል። እናም ገመድ ወጥረው፣ በእርምጃ ለክተው፣ የጽድ ችግኞችን በግድቡ ጀርባ ላይ እንደ ወታደር አሰለፏቸው። በጋ በመጣ ቁጥር ውሃ በባልዲ እየቀዱ አጠጧቸው። ባለቤታቸው፣ እኔን እንዲህ ተንከባክበኸኝ ቢሆን ኖሮ እኔም ጣራ እነካ ነበር ይሏቸው ነበር።

ጽዶቹ አደጉ። የመንግሥት የግድብ ተቆጣጣሪዎችም በየዓመቱ ይመጣሉ። ቡድኑን የሚመሩት ቦርጫቸው ገፋ ያለ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ግድቡን ከዳር እስከ ዳር ይሄዱና የውሃ መልቀቂያውን በር አስከፍተው አስዘግተው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ከጽዶቹ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ምሳቸውንም እዚያው ይበላሉ። ከምሳ በኋላ የሚታይ ግድብ ደግሞ ምን ጊዜም ደኅና ነው። አንድ ዓመት እንዲያውም «የግድቡን ግቢ በዛፍ ስላስዋቡ» የሚል የምስጋና ወረቀት ፈርመው ላኩ። አባ ጥላ በመስታወት አስገጥመው ከሶፋው በላይ ሰቀሉት።

ከረድፎቹ ግርጌ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ለምለም ሣር ነበር። ሌላው መሬት በፀሐይ ሲሰነጣጠቅ እዚያ እግር ይረጥባል። አባ ጥላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወስደው ያሳዩታል፤ ዛፍ ባለበት እርጥበት አይጠፋም እያሉ።

የእህታቸው ልጅ ያደገችው በእነዚህ ጽዶች ሥር ነው። እናቷ ስትሞት አምጥተው አሳደጓት። ግንድ ተደግፋ አጠናች፣ ቅርንጫፍ ላይ ወጥታ አኮረፈች፣ በኋላም ኢንጂነር ሆና እዚያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ወደዚህ ግድብ ስትመደብ፣ አጎቴ እዚያ ዘበኛ ነው ብላ ለበላይ ኃላፊዋ አመልክታ ነበር አሉ። ኃላፊውም፣ ግድቡ ራሱ አጎትሽ ካልሆነ ሂጂ ብሎ ላካት።

በመጣችበት ቀን አባ ጥላ ጥላውን በማለዳ ጠርገው ወንበሮች ደረደሩ። ባለቦርጩ የቡድኑ አለቃ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ምሳቸውን ፈቱ። ልጅቱ ግን ወደ ግርጌው ወርዳ ለምለሙ ሣር ላይ ተንበረከከች። እዚያ ከዓመታት በፊት ነፋስ የጣለው አንድ ጽድ ነበር፤ ከበሰበሰው ሥሩ ቀዳዳ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። በብርጭቆ ቀዳችው። ውሃው ደፍርሷል።

ብርጭቆውን ይዛ መጥታ ለአጎቷ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። መጽሐፉ አልዋሸም፤ የተናገረው ግን ስለ ተራራ ነው። ግድብ ላይ ሥር ሲሞት ይበሰብሳል፣ የበሰበሰበት ቦታ ቧንቧ ይሆናል፣ ውሃውም በዚያ ቧንቧ የግድቡን አፈር ጥቂት በጥቂት እየሰረቀ ይወጣል። የሐይቁ ውሃ ዝቅ መደረግ፣ ጽዶቹም ከነሥራቸው ተነሥተው ቦታው መጠቅጠቅ አለበት። ከታች ከተማ አለ።

አባ ጥላ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው ተመለከቱት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሲሰሙ ኖረዋል፤ ሲስቅ የኖረው ሰው እሳቸው መሆናቸውን ግን አልጠረጠሩም ነበር።

«ይቆረጡ» አሉ።

ቀላሉ ይህ ነበር። ከባዱ የመጣው ሪፖርቱን ለመጻፍ ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ደንቡ ዛፎቹን ማን እንደ ተከላቸው ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ ግድብ ላይ የተከለ ሠራተኛ ከሥራ ይሰናበታል። ቤቱም የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ያስረክባል። አባ ጥላ ደግሞ ጡረታቸው ደጅ ላይ ቆሟል።

«ማንም አልተከላቸውም» አሉ ባለቤታቸው ጥያቄው ሳያልቅ። «ወፍ ዘራሽ ናቸው።»

አለቅየው ሶፋው ላይ ደገፍ ብለው፣ እውነት ነው፣ እዚህ አገር ወፍ እንደሚበዛ እኔም ድሮ ታዝቤአለሁ አሉ። ከራሳቸው በላይ የገዛ ፊርማቸው ተሰቅሏል። ባለቤትየዋ ቀና ብለው አዩና ምስጋናውን ከሚስማሩ አውርደው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሸጎጡት።

ልጅቱ በመስኮቱ ወደ ረድፎቹ ተመለከተች። «ገመድ ይዛ የምትዞር ወፍ ናት፣ እትዬ?»

«ወፍም እንደ ሰው ነው» አሉ አለቅየው። «ሥርዓት ያለው አለ፣ የሌለውም አለ።»

ባለቤታቸው ሳቁ፤ ልጅቱም ሳታስበው ሳቀች። ከዚያም ወደ አጎቷ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ አንተ ዝም በል። ዝም ካልክ የእትዬን ቃል እጽፋለሁ።»

ወዲያው ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ፣ አንተ የምትላቸውን ሰው አንቱ አለቻቸው። «ዛፎቹን ማን እንደ ተከላቸው ያውቃሉ?»

አባ ጥላ ዝም ቢሉ ቤታቸው ይተርፋል። ባለቤታቸው በደከመ ጉልበታቸው የኪራይ ቤት ፍለጋ አይዞሩም። ይህን ሁሉ አሰቡ፤ ለማሰቡስ አላነሱም። አጥፊ መባሉንም ሊችሉት ይችሉ ነበር። ያ ሁሉ ባልዲ፣ ያ ሁሉ ገመድ የወፍ ሥራ ሆኖ መቅረቱን ግን አልቻሉትም።

«እንዲህ ያለች ወፍ አላየሁም» አሉ። «በየአራት እርምጃው፣ አንዱ ከአንዱ ሳይዛነፍ የተከልኳቸው እኔ ነኝ። ጻፊ።»

ይህንን ያወሩ ሰዎች ኋላ ላይ እውነተኝነት ነው አሉት። ባለቤታቸው ግን ባላቸውን ስለሚያውቁ ትክክለኛ ስሙን አላጡትም።

ልጅቱ ጻፈች። አለቅየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባለቤትየዋ ሻርፓቸውን ከወንበሩ መደገፊያ አንሥተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ስሚኝ እስቲ» አሉ አባ ጥላ።

ባለቤታቸው በሩን ከፈቱ፤ ማንንም ደኅና ዋሉ ሳይሉ ወጡ።