ተጨማሪ ወረቀት

ከፎቶ ኮፒ ማሽን ትኩሱን የወጣ ወረቀት ሽታ አልወድም። አረርቲ ከተማ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ቢያልፉም፣ ፈተና በመጣ ቁጥር ያ ሽታ መስኮት ያስከፍተኛል። ባለፈው ሳምንት ግን የባሰ መጣ። ተማሪዎቼን እየፈተንኩ ሳለ ከመጨረሻው ዴስክ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ተጨማሪ ወረቀት» አለች። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ገላመጣት። ያንን ግልምጫ አውቀዋለሁ፤ እኔም ሰው ገላምጬበታለሁ።

ደብረ ብርሃን፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስተኛ ዓመት ነበርን። የፊዚክስ ተማሪዎች አሥራ ሁለት ብቻ ነን። ኤሌክትሮዳይናሚክስ የሚባለውን ከባድ ኮርስ የሚሰጠን መምህር የሚያርመው በከርቭ ነበር። ውጤታችንን እርስ በርስ እያወዳደረ ስለሚደለድል አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ይሰምጣል፤ ከሁሉም ሥር የቀረው አንድ ሰው ደግሞ ኤፍ ይዞ ይሄዳል። እኔ ባለፈው ሴሚስተር ውጤቴ ዝቅ ብሎ ዋርኒንግ ላይ ነበርኩ። ኤፍ ካገኘሁ ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ሰላ ድንጋይ፣ ቤተሰቦቼ ጋ መግባት ነው። ስለዚህ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእኔ በታች አንድ ሰው እንዲኖር። ለዚህም ጸልያለሁ፣ ምን ልደብቅ።

ከእኔ በታች ባለው አልጋ ላይ የሚተኛው ልጅ የአንኮበር ሰው ነበር። አባቱ የደብር መሪጌታ ስለሆኑ እሱንም «መሪጌታ» እንለው ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ሣሩ ውርጭ ለብሶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከዶርሙ ጀርባ ወዲያ ወዲህ እያለ መምህሩ ተይቦ ያደለንን ሃንድአውት በዜማ ያነበንበዋል። ቀመሩ ሳይቀር በዜማ ነው። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን።

«ለመሆኑ ከዚህ ምን ገባህ?» ብዬው ነበር አንድ ቀን።

«አባቴ መጀመሪያ ቃሉን ያዝ፣ ትርጓሜው ኋላ ይመጣል ይላሉ» አለኝ።

ያልያዘው ነገር አልነበረም። የአሥራ ሁለታችንንም የመታወቂያ ቁጥር በቃሉ ይወጣው ነበር። ምን ያደርግልሃል ስንለው ይስቃል።

ፈተናው አምስት ጥያቄ ነበር። አንደኛውን አንብቤ ወደ ሁለተኛው ሸሸሁ፤ ሁለተኛውን አንብቤ ወደ አንደኛው ተመለስኩ። ከሃንድአውቱ በቀጥታ የመጣ አንድም ነገር የለም። ንፋሱ ከሚያንኳኳው ቆርቆሮ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። በዚያ ጸጥታ መሃል ነው መሪጌታ እጁን ያወጣው። «ተጨማሪ ወረቀት።» እኔ የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ አላጋመስኩም። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ሦስተኛ ሲጠይቅ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ጀርባውን አየሁት። ጠላሁት። ከዚያ በፊት እንዲያ ጥርት አድርጌ ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ከአዳራሹ ስንወጣ ያ የማያሞቀው የደብረ ብርሃን ፀሐይ ዓይናችንን ወጋን። በሩ ላይ ተሰብስበን መምህሩን ረገምነው፤ እሱ ሲበቃን እርስ በርስ ተያያዝን። አብራን የምታጠና የደብረ ሲና ልጅ «ምዕራፍ አራት አይመጣም ያልከው አንተ ነህ!» ብላ ደብተሯን ወረወረችብኝ።

«ማን ስሚኝ አለሽ?» አልኳት። ደብተሯን እንኳ አላነሳሁላትም።

መሪጌታ ከሁሉም ኋላ ወጣ፣ ጣቶቹ ቀለም በቀለም ሆነው። ሁላችንም ገላመጥነው።

«ሦስተኛውን እንዴት ሠራችሁት?» አለ።

የሚያሾፍብን መሰለኝ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አልኩት።

«ኧረ ምን በላሁ?»

«ሦስት ወረቀት! ከርቩን ሰቅለህ ልትጨርሰን ነው!»

«ሂድ ወደዚያ፣ ዓይንህን አልይ» አለችው የደብረ ሲናዋም። ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ዶርም ሄደ።

ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍነው። ከቤት የተላከለትን ቆሎ እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ «ኑ እንጂ» ሲል ማንም አልተነሳም። እኔማ «የምታገኘውን ኤ ቆርጥም» አልኩት። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ ግን ብቻውን ሲቆረጥም እየሰማሁ ደስ ብሎኝ ተኝቻለሁ።

ውጤት የተለጠፈ ዕለት ሰሌዳው ጋ አልሄድኩም። እንዳይጥለኝ ልለምን በቀጥታ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ወረቀቶቹ ከከፍተኛው ጀምሮ በውጤት ተደርድረዋል። የእኔን ሲፈልግ ወረደ፣ አሁንም ወረደ። ከመጨረሻው አንድ ከፍ ብሎ አገኘው። ሲስበው ከሥሩ የነበረው ወፍራም ወረቀት ተገለጠ፤ እጅ ጽሑፉን አወቅሁት። የሃንድአውቱ ምዕራፍ ሁለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጽፏል፣ ከዚያ ምዕራፍ ሦስት። አንዲት ቃል አልተዛነፈችም። መምህሩ ሲተይብ ተሳስቶ ኋላ ክፍል ውስጥ ያረመው የመደመር ምልክት እንኳ እንደተሳሳተ አለ። ከግርጌው በቀይ «ትክክል ነው፤ ግን አልተጠየቀም» ይላል።

ጸሎቴ ተሰምቶልኝ ነበር።

«ጓደኛህ ነው?» አለኝ መምህሩ፣ ዓይኔ እዚያ መቅረቱን አይቶ።

«አንድ ዶርም ነን» አልኩት። ጓደኛዬ ነው ለማለት አፌ አልደፈረም።

«ግሬዱ ሰሌዳው ላይ አለ፣ ሂድና እይ» ብሎ አሰናበተኝ።

ይቅርታ ልጠይቀው ወደ ዶርም ስሮጥ መንገድ ላይ አገኘሁት። ብርድ ልብሱን በገመድ አስሮ ተሸክሟል። እሱም እንደ እኔ ዋርኒንግ ላይ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው፤ አንድም ቀን አውርቶት አያውቅም።

«አትሩጥ፣ ቁጥርህን አይቼልሃለሁ» አለኝ። «ሲ ማይነስ ናት። አልፈሃል፣ እንኳን ደስ ያለህ።»

የራሱን ኤፍ ካየ በኋላ የእኔን ቁጥር ፈልጓል። ያዘጋጀሁትን ይቅርታ አልተናገርኩም። «አመሰግናለሁ» ብቻ አልኩት። ሸክሙን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ፣ የአንኮበር መኪና እንዳያመልጠው ወደ መናኸሪያ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ባለፈው ሳምንት ለዚያች ልጅ ወረቀቱን ስሰጣት ጎንበስ ብዬ «ጥያቄውን አንዴ ደግመሽ አንብቢው» አልኳት። ለፈታኝ የተከለከለ ነው፤ ይከልክሉኝ። ለመሪጌታ ይህን ያለው ሰው አልነበረም።

ያን ዕለት ከሸኘሁት በኋላ ሰሌዳው ጋ ሄጄ ነበር። ስም የለም፣ ከላይ እስከ ታች የመታወቂያ ቁጥር ብቻ ነው። እሱ የእኔን በቃሉ ያውቃል። እኔ ሁለት ዓመት ከአልጋው በላይ ተኝቼ የእሱን አላውቀውም ነበር፤ የትኛው እንደሆነ የለየሁት አጠገቡ ኤፍ ስለተጻፈ ነው።