ሁለት ጠመንጃ ለአንድ ትከሻ

የበቆሎ ገበሬዎች ማኅበር ስድስት ጠባቂ አዳኞች ነበሩት፤ አምስቱ ወንዶች፣ ስድስተኛዋ ቀለህ። ስሟ አይደለም፤ ቅጽል ነው። ተኩሳ ስትጨርስ እንደ ሌሎቹ ባዶውን የጥይት ቀለህ ሣር ውስጥ ጥላ አትሄድም። ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ትለቅማለች፣ ኪሷም ትከታለች። አንድ ቀን አንዱ ባልደረባዋ «አንቺ ሴትዮ፣ ዶሮ ነሽ እንዴ የምትለቅሚው?» ቢላት፣ «ዶሮስ የለቀመችውን ታውቃለች፤ አንተ የተኮስከውንም አታውቅ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ቅጽሉ ተለጠፈባት፤ እሷም አልጠላችውም።

ዕድሜዋ አርባ ሰባት ነው፤ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሥራውንም ጠመንጃውንም የወረሰችው ከእሱ ነው። ጠመንጃው እንደ ሰውየው ነበር፤ ረጅም፣ ከባድ፣ ሲቆጣ የሚራገጥ። ባሏ ትከሻው በር ስለሚያክል ግድ አልነበረውም። እሷ ግን ከዚያ ሰደፍ ጋር ስትጋጭ ዓመታት ኖረች፤ ትከሻዋ ሲበልዝ በነጠላ ሸፍና ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ሴት ስለሆነች ነው እንዳትባል። ይሄ «እንዳልባል» የሚሉት ነገር ስንቱን ሰው እንደ ጎዳ ቢጻፍ ወረቀት አይበቃውም።

የከፋው ጉዳት የደረሰው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ታናሽ ወንድሟ አብሯት ይወጣ ነበር። እሱም ቅጽል አለው፤ ካቻቪቴ ይሉታል። ጠመንጃ ላይ ማነጣጠሪያ መነጽር በመግጠም አቻ ስላልነበረው፣ ሰዎች ጠመንጃቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከሩቅ ድረስ ያመጡለት ነበር። የእህቱንም መነጽር የገጠመው እሱ ነው። ያን ቀን ጠዋት አንድ ትልቅ ከርከሮ ከበቆሎው ወጣ። ቀለህ አነጣጥራ ተኮሰች፤ ጥይቱ ደረቱን ስቶ ሆዱን አገኘው። ከርከሮው ደሙን እያንጠባጠበ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። በአዳኞቹ ዘንድ የማይሻር ደንብ አለ፤ ያቆሰለ ይከተላል፣ ቁስለኛ አውሬ ጥሎ ቤት መግባት የለም። ቀለህ ግን እግሯ አልታዘዝ አላት። ወንድሟ ፊቷን አየና «ቆይ እታለም፣ እኔ ልየው» ብሎ ገባ። ከርከሮው ጭኑን ቀደደው።

ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ «ግን ምን ሆነ? አንቺ እኮ አትስቺም» ሲላት፣ «መነጽሩ ሳይዛባ አይቀርም» አለችው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እውነቱን ግን እሷ ታውቀዋለች። ምላጩን ስትስብ ርግጫውን ፈርታ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከዚያ በፊትም ስንቴ ጨፍናለች፤ ያን ቀን ብቻ ዕድሏ ከዳት።

ወንድሟ አልተጣላትም፤ ራሱን ነው የተጣላው። ከሆስፒታል እንደ ወጣ መሣሪያዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። «በገዛ ጭኔ ላይ የሠራሁትን በሰው ጭን ላይ አልደግመውም» አለ። አሁን ከዘራውን ይዞ የእህል መጋዘን በር ይጠብቃል። ቀለህ በየሳምንቱ ዳቦና ሻይ ይዛለት ትሄዳለች። በየሳምንቱም ዛሬስ እነግረዋለሁ ብላ ትነሳለች፤ ስለ አየሩና ስለ ጎረቤት አውርታ ትመለሳለች።

እሷም ከዚያ ቀን ወዲህ ትልቁን ጠመንጃ አልነካችም። በተውሶ ጠመንጃ ቀበሮ ብቻ እያባረረች ሁለት መኸር አለፉ፤ ከርከሮዎቹም በቆሎውን እንደ ራሳቸው ጓሮ ተመላለሱበት። በመጨረሻ የማኅበሩ ሊቀመንበር አስጠራት።

«በወሩ መጨረሻ ሁለት ጠመንጃ ይዘሽ ትፈተኛለሽ» አላት። «አንዱ ለቀበሮ፣ አንዱ ለከርከሮ። ካልሆነ ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን። አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምህም፤ እመጣለሁ» አለች።

በማግስቱ የባሏን ጠመንጃ ይዛ ጠመንጃ ሻጩ ዘንድ ሄደች። ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው፤ ጠመንጃዎቹ ግድግዳው ላይ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ተደርድረዋል፤ ቤቱ የጠመንጃ ዘይት ይሸታል። ባለሱቁ ከሆዱ አፉ የሚቀድም ሰው ነው።

«ይሄን ይዩልኝ እመቤቴ! ዝሆን ይጥላል!»

«የእኔን በቆሎ ዝሆን በልቶት አያውቅም።»

«ቢሆንም! ከማነስ መብዛት ይሻላል። አንድ ይሄን ቢገዙ ለቀበሮውም ለከርከሮውም ይሆንልዎታል።»

«ቀበሮውን ተኩሼ ጅራቱን ብቻ ልፈልግ?»

ሰውየው ሳቀ። ወሬኛ ቢሆንም ሥራውን ያውቃል። «እንግዲያው አተኳኮስዎን ሳላይ አልሸጥልዎትም» አለና ከሱቁ ጀርባ፣ የአፈር ቁልል ወዳለበት ማለማመጃ ወሰዳት። የባሏን ጠመንጃ ተቀብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ራሱ አጎረሰላት። አንድ ተኮሰች። ሁለት ተኮሰች። በሦስተኛው ምላጩን ስትስብ «ቀጭ» አለና ዝም አለ፤ አፈሙዙ ግን ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ ወደ መሬት ደፋ ብሎ ተመለሰ።

«ባሩድ የሌለው ነው ያጎረስኩልዎት» አለ ባለሱቁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጠመንጃው አልተራገጠም። እርስዎ ግን ተራገጡ። ዓይንዎም ተጨፍኖ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ይሆናል እኮ እመቤቴ። ያኔ ወንድምዎ ሲጎዳ መነጽሩ ነው ሲሉኝ…» ብሎ ተወው።

ቀለህ እስከ ጆሮዋ ድረስ አፈረች። ቀጥሎ ተናደደች፤ በሰውየው ሳይሆን በራሷ። ሁለት ዓመት ስትሸሸው የኖረችው ነገር በአንድ ባዶ ጥይት ጠዋት ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ደግነቱ እልኸኛ ናት፤ ካፈረች በኋላ የሚመጣባት እልህ ተራራ ይንዳል።

«ይሄን ጠመንጃ ውሰድልኝ። በምትኩ ጥንድ እፈልጋለሁ» አለች። «ጥንድ ስልህ እንደ ጥንድ በሬ ነው፤ አንዱ ሲጎትት አንዱ የሚራገጥ በሬ አይጠመድም። ሰደፋቸው፣ ምላጫቸው፣ መቆለፊያቸው አንድ ይሁን። እጅ አያስብም፤ የለመደውን ነው የሚያደርገው። በትንሹ የለመድኩትን በትልቁ ላይ እንዳልረሳው።»

ከረፋድ እስከ ቀትር ሲያወርዱና ሲሰቅሉ ዋሉ። አንዱ ምላጩ ይከብዳል፣ አንዱ ሰደፉ ለአንገቷ ይረዝማል። በመጨረሻ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ መንታ ጠመንጃዎች ተገኙ። የትንሹ ጥይት ትንሿን ጣቷን አያክልም፤ ርካሽ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቢለማመዱበት አያስቆጭም፣ ርግጫ የሚባል ነገርም አያውቅም። ለትልቁ ባለሱቁ እንደ ልማዱ ኃይለኛውን ጥይት አቀረበላት። «ይሄ አምስት መቶ ሜትር ይሄዳል!»

«ከርከሮው አምስት መቶ ሜትር ላይ ከሆነ በቆሎዬ ውስጥ የለም ማለት ነው። ይሂድ ተወው።» እሷ የመረጠችው መካከለኛውን ነው፤ ባሩዱ ልከኛ፣ አረሩ ከበድ ያለ፣ ከመቶ ሃምሳ ሜትር ወዲህ ከርከሮ በአንዴ የሚጥል፣ ትከሻን ግን የማይደበድብ። ከዚያ ሁለቱን ጥይቶች ኪሷ ከተተችና ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ዳሰሰቻቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ በዳሰሳ ብቻ ይለያል። «ተኳሽ ሲደነግጥ ኪሱን አያይም» አለች፤ ባለሱቁም ራሱን ነቀነቀ።

«መነጽሮቹን በነፃ ልግጠምልዎት?»

«ገጣሚ አለኝ» አለች። ያላትን ሳይሆን የምትመኘውን ነበር የተናገረችው። ጠመንጃዎቹን በየሣጥናቸው፣ መነጽሮቹን ከነካርቶናቸው ይዛ በቀጥታ ወደ እህል መጋዘኑ ሄደች፤ ቤቷ ብትገባ ሐሳቧን እንደምትለውጥ ራሷን ታውቃለች።

የበር ጠባቂው ክፍል አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ብቻ ነው የሚይዘው። ግድግዳው ላይ ቁልፎች ተሰቅለዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የመኪና ታርጋ የሚመዘገብበት ደብተር ተዘርግቷል። ወንድሟ ረጃጅሞቹን ሣጥኖች ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እታለም፣ ለእኔ እንዳይሆን ብቻ። መነጽር እንደማልነካ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ተቀመጥ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«እንግዲያው እኔ ልቀመጥ» አለችና አንዱ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። «መነጽሩ አልተዛባም ነበር።»

«የቱ መነጽር?»

«ያኛው። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተኮስኩት። ርግጫውን ፈርቼ። አንተ የገጠምከው ልክ ነበር። ዋሸሁህ።»

ውጭ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ። ወንድሟ አልተነሳም። መኪናው ደገመ፤ አሁንም አልተነሳም።

«ሁለት ዓመት» አለ።

«ሁለት ዓመት ከሦስት ወር።»

«ጭኔ ይሁን፤ ጭኔ ድኗል» አለ፣ ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እያያቸው። «እጄን ነው የወሰድሽብኝ። ያንን መነጽር በሐሳቤ ስንቴ ፈትቼ እንደገጠምኩት ታውቂያለሽ? የትኛዋን ብሎን ሳላጠብቅ ቀረሁ እያልኩ?»

እንባዋ መጣ። ግን ብታለቅስ አባባዩ እሱ ሊሆን ነው፤ ስለዚህ ዋጠችው።

«ውጪልኝ» አላት።

«እወጣለሁ። ለማኅበሩም እናገራለሁ። ለአንተ ብቻ ከነገርኩህ ግማሽ እውነት ነው።» ሁለቱን ሣጥኖች በሁለት ትከሻዋ አንግባ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አልተያዩም። ዳቦውን ይዛ ሄዳ ነበር፤ በተረኛው ዘበኛ በኩል «አልፈልግም» አስባላት። ቀለህ ግን ሥራዋን አላቋረጠችም። በየጠዋቱ ባዶውን ጠመንጃ ይዛ ሳሎኗ ወለል ላይ ትተኛለች፤ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጣ ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን ትስባለች። በመጀመሪያው ቀን ሳንቲሙ ሶፋ ሥር ሲገባ ዋለ። በሁለተኛው ሳምንት ከሃያው አንዴ ይወድቅ ጀመር። ከሰዓት ወደ ባለሱቁ ማለማመጃ ትሄዳለች፤ ጆሮዋን ደፍና በትንሹ ጠመንጃ፣ በብረት ማነጣጠሪያው ትተኩሳለች። ባለሱቁ ባዶውንና ሙሉውን እያቀላቀለ ያጎርስላታል። ትንሹን ስትለምድ ወደ ትልቁ ተሻገረች፤ እጇም ልዩነቱን አላወቀም። አንድ ከሰዓት አፈሙዙ ፍንክች ሳይል አሥር ጥይት ጨረሰች፤ ባለሱቁም ባሩድ የሌላቸውን ጥይቶች ሰብስቦ ወደ ሣጥናቸው መለሰ።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቅዳሜ የማኅበሩ ስብሰባ ነበር። ቀለህ እጇን አወጣች፤ ሲፈቀድላትም ቆመች።

«መዝገቡ ላይ ለወንድሜ ጉዳት ምክንያቱ ‹የመነጽር አገጣጠም ጉድለት› ተብሎ ተጽፏል። ሐሰት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ተኩሼ ነው። የእሱን ስም ሰርዛችሁ የእኔን ጻፉ።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ለአዳኝ እንዲህ ብሎ መናገር ጎዳና ላይ እንደ መራቆት ነው። ሆኖም ሊቀመንበሩ ብዕሩን አንስቶ እስኪጽፍ ድረስ አልተቀመጠችም።

«ፈተናው አይቀርልሽም» አላት ሊቀመንበሩ። «እንደውም አጥብቀን ነው የምናይሽ።»

«እዩኝ» አለች።

ሰኞ ማለዳ፣ ፈታኞቹ ሊመጡ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው ተኩስ ሜዳው ላይ ደረሰች። በብረት ማነጣጠሪያው ልትፈተን ቆርጣ ነበር፤ ቢሆንም መነጽሮቹን ከነካርቶናቸው ይዛ መጥታለች። ጠመንጃዎቹን ጠረጴዛው ላይ ስታስተካክል አንድ የጭነት መኪና ቆመ። ከጋቢናው በመጀመሪያ ከዘራ ወጣ፤ ቀጥሎ ወንድሟ።

ሰላም አላላትም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ከብብቱ የተጠቀለለ ጨርቅ አውጥቶ ዘረጋ። ትልቁን ጠመንጃ ወደ ራሱ ሳበ፤ ባዶ መሆኑን አረጋገጠ። የመጀመሪያዋ ብሎን ላይ ሲደርስ አቆመ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን፣ እስከ መጨረሻዋ ሳያቋርጥ አጠበቀ። ቀለህ ከጎኑ ቆማ ታየዋለች። የምትናገረው ነበራት፤ ግን ሰው ሥራ ላይ እያለ አይወራም።

«ቅዳሜ ያልሽውን ሰምቻለሁ። እንዳልረሳሁልሽ ግን እወቂ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ገና አልበረደልኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ተኩሺ።»

ተኛች፤ ሰደፉን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗን ገልጣ ምላጩን ቀስ ብላ ሳበች። ጥይቱ ወጣ።

ወንድሟ አቅርቦ ማያውን በእጁ ይዟል፤ ወደ ዓይኑ ግን አላነሳውም። እሷን ነበር የሚያየው። «የት መታሽ?» አላት።

«መሐሉን አነጣጥሬ ነበር፤ ያረፈው ግን ወደ ግራ ነው። ሁለት ጣት» አለች፣ ሳታመነታ።

ያኔ ማያውን አነሳ። ልክ እንዳለችው ነበር። አወረደው። አጠገቧ በርከክ ሲል ጭኑ አሞት ፊቱን ቋጠረ። ካቻቪቴውን መነጽሩ ጎን ካለችው ትንሽ ማስተካከያ ብሎን ላይ አሳረፈ።

«ሁለት ጣቷ የእኔ ናት» አለና ብሎኗን አዞረ።