የተሰነጠቀው ካርተር

ሮማን ሀብታሙና ሲሳይ መጨረሻ ላይ ባልና ሚስት የነበሩት ለስሙ ነው። መርሳ ከተማ ከአስፋልቱ ዳር ባለችው ጋራዣቸው ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ እሷ መፍቻ ስትጠይቅ እሱ እግሯ ሥር ይወረውርላታል፤ እሱ ሲጠይቅ ደግሞ እሷ አልሰማሁም ትላለች። ደንበኛው እንኳ ከበር ሆኖ ፊታቸውን አይቶ "ነገ እመለሳለሁ" እያለ መሄድ ጀምሮ ነበር።

ከጋራዡ ጥግ የምትቆመው አሮጌ የጣሊያን ሞተር ሳይክል የሮማን አባት የአቶ ሀብታሙ ነበረች። ሰውየው ከውርጌሳ እስከ ሲሪንቃ የገበሬውን የውሃ ፓምፕ ሲጠግኑባት ነው ያረጁት። ሮማንም ሞተር ፈትቶ መግጠም የተማረችው በሷ ነው። ታዲያ ለሠርጓ ቀን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ በሰው ፊት ቆመው "ለሁለታችሁ ሰጥቻለሁ" አሉ። ለልጄ ቢሉ ምን ነበረበት! እሳቸው ሞቱ፤ ቃላቸው ግን ቀረ፤ ሞተሯም የጋራ ሀብት ሆነች።

ጥር ላይ ሲሳይ ከውርጌሳ ሞተሯን እየገፋ መጣ። ካርተሯ፣ ማለትም የሞተሩን ሆድ ዘይቱን ይዞ የሚሸፍነው አሉሚኒየም፣ ተሰንጥቆ ዘይቷ መንገድ ለመንገድ ፈስሷል።

"ድንጋይ መታት፤ ሚካኤልን!" አለ።

ሮማን ጎንበስ ብላ አየች። ስንጥቁ የሚነሳው ከጎን በኩል ካለች ክብ ስርጉድ ነው። ድንጋይ ከሥር ይመታል እንጂ እንዲህ አስተካክሎ ከጎን አይመታም። ጮኸች፣ ተሳደበች፣ ለሽማግሌም ነገረች። ሽማግሌዎቹ ግን ቁጣዋን እንጂ ነገሯን አልሰሙም፤ "እሱ ምሏል፤ አንቺ ደግሞ ግልፍተኛ ነሽ" ብለው አለፏት። ብዙም ሳይቆይ ሲሳይ ልብሱን ሸክፎ ወልድያ ወንድሙ ጋራዥ ገባ፤ ፍቺውም ተቆረጠ።

የንብረቱን ነገር የያዙት ከነዚሁ ሽማግሌዎች አንዱ ሼህ ኑርሁሴን ናቸው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያከብራቸው የብርቱካን ነጋዴ። ፍርዳቸው የአገሩ ነው፤ አንዱ ይመድባል፣ ሌላው ይመርጣል።

"ጋራዡ ያለው በሮማን እጅ ነው። ሮማን በሁለት ትመድብ፣ ሲሳይ ይምረጥ። ከመረጠ በኋላ ዱዓ እናደርጋለን። አሚን ከተባለ ወዲያ የሚመልሰው የለም" አሉ።

ሮማን የምትፈልገው ሞተሯን ብቻ ነው። ሲሳይን ደግሞ ታውቀዋለች። ለሱ ሞተሯ ምኑም አይደለችም፤ እሷ እንደምትወዳት ስለሚያውቅ ብቻ ነጥቋት ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ይሸጣታል። የሷን ዓይን እያየ ነው የሚመርጠው።

ስለዚህ የጋራዡን በር ከውስጥ ዘጋች። ሞተሯን ፈትታ ካርተሩን አወጣች፤ ዘይት የጠጣውን ስንጥቅ በነጭ ጋዝ ደጋግማ አጠበች። ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፍና ጫፉን በቀጭኑ በሳች። ከዚያ ለብየዳ አዘጋጀችው፤ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይቀላም፤ ደህና ነው ሲሉት ድንገት ቀልጦ ይፈሳል። አባቷ እንዳስተማሯት የልብስ ሳሙና ቀባችውና በእሳት ታሞቀው ጀመር። ሳሙናው ሲጠቁር ሙቀቱ ደርሷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የብየዳ ዘንጉን አስጠግታ በየደች። ትንፋሿን ውጣ ነው የሠራችው፤ ካርተሩ ከቀለጠ ሌላ ካርተር ከየትም አይመጣም። አልቀለጠም። ከውስጥ ሞርዳ አስተካከለችው። የውጩን ስንጥቅ ግን እንዳለ ተወችው፤ መልሳ ገጠመችና ከሥሯ የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ደፋች።

የክፍፍሉ ቀን ሽማግሌዎቹ ጋራዡ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። በአንድ በኩል ሞተሯ ብቻዋን፣ በሌላ በኩል የብየዳ ማሽኑ፣ ኦክሲጅኑና መፍቻው ሁሉ። ሲሳይ ገና ሲገባ ሳቀ።

"ይኼ ነው ምደባሽ? ሬሳና ጋራዥ!"

ሞኝ ግን አይደለም፤ ተጠራጠረ። በጨርቅ ነጭ ጋዝ ነክሮ ካርተሩን ከውጭ ቀባ፣ ጠረገው፣ ጠመኔ አሸበት። ስንጥቁ በነጩ ጠመኔ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ወጣ። ትክክለኛው ምርመራ ነጭ ጋዙን ከውስጥ ቀብቶ ጠመኔውን ከውጭ ማየት ነበር፤ ያኔ ነው ስንጥቁ ዘልቆ እንደሆነ የሚታወቀው። ይህን ሲሳይም ያውቃል። ግን ለዚህ ሞተር መፍታት ሊኖርበት ነው፤ እሱ ደግሞ ለሽማግሌ ብሎ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

ሮማን ይህን ጊዜ ወደ ብየዳ ማሽኑ ጠጋ አለች። በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለት። ከዚያ በትዳሯ ዘመን አንድ ቀን ያላደረገችውን አደረገች፤ ለመነችው።

"ሲሳይ፣ ማሽኑን ተውልኝ። እንጀራዬ ነው" አለችና አለቀሰች።

"ማሽኑን መርጫለሁ" አለ ሲሳይ፣ ቃሏን ሳያስጨርስ።

ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ሁሉም አሚን አሉ። ሮማን ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ አሚን አለች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ከጠረጴዛው ሥር የዘይት ጣሳ አወጣች፣ ሞላች፣ ሞተሯን ረገጠቻት። በሦስተኛው ተነሳች። ጋራዡ በጭስና በጩኸት ተሞላ።

ሲሳይ ደሙ ፈላ።

"አይሆንም! ይህቺ ሞተር አትነሳም! እስክትሰነጠቅ በመዶሻ የመታኋት እኔ ራሴ አይደለሁም እንዴ!"

ሮማን ሞተሯን አጠፋች። ሲሳይ ምን እንዳለ የገባው ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ነው።

"ለካ ድንጋዩ አንተ ነበርክ" አሉ ሼህ ኑርሁሴን። ወደ ሮማንም ዞሩ። "አንቺም ደብቀሻል።"

"ደብቄያለሁ አባቴ። እውነቱን ስነግራችሁ መቼ ሰማችሁኝ?"

ሼሁ መሬት መሬት አዩ፤ ሌሎቹም እንደዚያው። ሼሁ ቀና አሉ።

"ወላሂ እውነትሽን ነው። አሚን አይመለስም፤ የጋራ ንብረት የሰበረ ግን ካሳ አለበት። ማሽኑን በካሳ ውሰጂው ብንል የሚቃወም የለም። ትፈልጊያለሽ?"

ሮማን ማሽኑን አየችው። እንጀራዬ ነው ያለችው እንኳ ውሸት አልነበረም። ከዚያ ሲሳይን አየችው፤ ነጭ ሸሚዙ ላይ ጠመኔና ነጭ ጋዝ ተለድፎበታል።

"ይዞት ይሂድ" አለች። "የሰበረውን ይበይድበት።"

ሞተሯን አስነስታ ወጣች። ሲሪንቃ እስክትደርስ አልቆመችም። እዚያ ከመንገዱ ወጣ አለችና ጎንበስ ብላ ጣቷን በካርተሩ ሥር አሳለፈች። ደረቅ ነው። ጠብታ የለም። መሬት ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች፤ ይኼኛው ለቅሶ ለማንም ለማሳየት አልነበረም።