ካያኬና የአባቴ ገመድ

ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቃል ሲከተለኝ ኖሯል፤ «ተቀመጪ!» ሠርግ ቤት ስገባ «ተቀመጪ አንች፣ ሰው ይረግጥሻል።» ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «ምን አቆመሽ? ተቀመጪ እንጂ።» የልጅነት ልምሻ ቀኝ እግሬን አቅጥኖት ስለቀረ በክራንች ነው የምሄደው። ክራንቹ አያሳፍረኝም። የሚያናድደኝ ይህ ቃል ነው። አብዛኛው ሰው ሊያሳርፈኝ ብሎ አይለውም፤ ከመንገዱ ዘወር እንድልለት ነው።

አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንዲት ሴት ጠባብ ጀልባ ውስጥ ተቀምጣ ዓሣ ስታጠምድ አየሁ። ካያክ ይሉታል። ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ የሚሠራው ክንድና ትከሻ ነው። ክንድና ትከሻማ እኔ ጋ ሞልቷል፤ ክራንች ስገፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። «እሰይ!» አልኩ። «ተቀመጪ አላችሁኝ አይደል? እቀመጥላችኋለሁ!»

የማስተምረው አርብ ገበያ ከተማ ነው፤ በከሰዓት ፈረቃ፣ ሳይንስ። ከከተማው ወረድ ብሎ የመስኖ ግድብ አለ፤ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ገብቶበት ረብቷል። ጠርዝ ላይ ሆኖ መንጠቆ የሚወረውር አይጠፋም፤ ትልልቁ ዓሣ ግን መሃል ነው ያለው፤ እዚያ የሚደርስ የለም።

በእኛ አገር ካያክ የሚሸጥ ሱቅ ከየት ይመጣል? ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች ለቃቅሜ ክዳናቸውን አጠበቅሁና በሁለት ረድፍ ደረደርኳቸው፤ በላያቸው የባሕር ዛፍ አጣና አጋደምኩ። መቀመጫው አንድ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ የቀሩትን እግሮቹን በመጋዝ ቆርጬ ጣልኳቸው። መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፉ የተቆረጠ ጀሪካን የተቸነከረበት ዘንግ፤ የማጥመጃው ማቆሚያ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ፤ መልሕቁ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የገባ ድንጋይ። ለክራንቼም በጎን በኩል ማንጠልጠያ አበጀሁለት። ሁሉንም ያሰርኩት በሲባጎ ነበር።

የግድቡ ዘበኛ ጎጆው አጠገብ እንዳስቀምጠው ፈቀደልኝ፤ አፉን ግን አልከለከለም። «መምህር፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፣ አሉ» ይለኛል በመጣሁ ቁጥር። እኔም «ዶሮዋ ክንፍ እንጂ ክንድ አልነበራትም» እለዋለሁ። ይስቃል። ከተማው ደግሞ የኖኅ ልጅ ብሎኝ ነበር። ይበሉኝ!

ታዲያ ካያኩ ውሃ ሳይነካ አባቴ መጡ።

ክረምት ላይ የትምህርት ቤቱ ዳገት አንሸራቶኝ የእጄ አንጓ ወልቆ ነበር። ወጌሻ መልሶልኝ ድኗል። ወሬው አባቴ ያሉበት ቤተ ልሔም፣ አገራችን የደረሰው ግን እኔ ከላይ እስከ ታች እንደተሰበርኩ ሆኖ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ፤ አንዴ የተናገሩትን አያጥፉትም። ጥቅምት ላይ፣ አርብ በገበያው ቀን፣ ከገበያተኛው ጋር ከተፍ አሉ። እሳቸው በእግራቸው ናቸው፤ ከኋላቸው ባዶ ኮርቻ የተጫነች በቅሎና አንዲት አህያ ይስባሉ። በቅሎዋ ለእኔ፣ አህያዋ ለዕቃዬ።

«ሥራሽን ትለቂያለሽ» አሉ፣ ገና ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ። «ከእንግዲህ እቤትሽ ትቀመጫለሽ።»

ደሜ ፈላ። ለዚህ ሥራ የተማርኩት በጭቃ እየተንፏቀቅሁ ነው። እቤት ብገባ የትኛው ጎረቤት መጥቶ ከንፈሩን እንደሚመጥልኝ፣ የቱ ጥግ ላይ መደብ እንደሚነጠፍልኝ ሳይቀር አውቀዋለሁ። እዚያ መደብ ላይ ከተቀመጥኩ አልነሳም። አባቴን ግን እምቢ ብሎ መጮህ የማይሆን ነገር ነው። እኔም ወደ ግድቡ ወሰድኳቸውና ካያኩን አሳየኋቸው።

ዞሩት። በበትራቸው ጀሪካኑን ነካ ነካ አደረጉት። «ኖኅ መርከብ የሠራው ታዞ ነው። አንችን ማን አዘዘሽ?»

«እግሬ፣ አባባ።»

«ወይ ጉድ! መሬቱን ያልቻለች እግር ውሃ ልትሻገር!»

«በእግር አይደለም የሚሄደው። ቅዱስ ጴጥሮስስ ዓሣ አጥማጅ አልነበረም እንዴ?»

«ጴጥሮስ መረቡን ጥሎ ነው የተከተለ» አሉ ወዲያው። ከቅኔ መምህር ጋር በመጽሐፍ መከራከር የራስ ጥፋት ነው።

ስለዚህ ውል ያዝን። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፤ ከብት አይጫንም። ሰኞ ጧት ግድቡን ተሻግሬ በካያኬ ከተመለስኩ አርብ ገበያ እቀራለሁ፤ እሳቸውም ሁለተኛ አያነሱብኝም። ካልሆነልኝ ያለ አንድ ቃል በቅሎዋ ላይ እወጣለሁ። «እግዜር ይስማ» አሉ፤ «ይስማ» አልኩ። ዘበኛው ምስክር ሆነ።

ከዚያ የሆነውን አሁንም ሳስበው ያስቀኛል። አባቴ ሲባጎዬን በሁለት ጣታቸው ሳብ ቢያደርጉት ላላ። ፊታቸው ተቀየረ። ቅኔውን ከማስተማራቸው በፊት አራሽ ነበሩ፤ ሞፈርና ቀንበር እንደሳቸው የሚጠፍር በአገሩ አልነበረም። የላላ ማሰሪያ አይተው ማለፍ አይችሉም። «ይኼ የዶሮ ማሰሪያ ነው!» ብለው ከገበያው የበሬ ቆዳ ጠፍር አስመጡ። እኔን ይዞኝ ሊሄድ የመጣ ሰው፣ ጠፍሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ አለስልሶ፣ ጉልበቱን አጣናው ላይ አስደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ ካያኬን ያስርልኝ ጀመር። ሲጨርሱ ላባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «አሁን ብትሰጥሚም በወግ ትሰጥሚያለሽ» አሉ።

ሁለቱን ሰንበት ፀሐይ ሲመታው ጠፍሩ ደርቆ እንደ ብረት ከረረ። በጣቴ መታ ሳደርገው ይጮሃል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለታችንም ሄደን አየነው፤ ሁለታችንም ኮራን።

ሰኞ ወጣሁ። ኧረ እንዴት ያለ ነገር ነው! መቅዘፊያውን ስገፋው ውሃው ተገፋልኝ። ማንም አልረገጠኝ፤ ማንንም አላደናቀፍኩ። የዳሩ ሰው እያነሰ ሲሄድ በደስታ ጮህኩ። ወደ መሃል ስደርስ ወንበሬ ትንሽ ወደ ግራ ዘመም አለ። ማጥመጃው ከብዶት መሰለኝ። ቀጥሎ አንድ ጀሪካን ከሥሬ ብቅ ብሎ፣ ሰላም ሊለኝ የመጣ ይመስል፣ ጎኔን ነክቶኝ ሄደ። ሌላው ተከተለው። እጄን ሰድጄ ጠፍሩን ብዳብሰው እንደ ጥሬ ሥጋ ሙልጭልጭ ብሏል።

ለካስ ውሃ ጠጥቶ ነው! ውሃ ውስጥ አለስልሰን አይደለም እንዴ ያሰርነው? እሳቸው በእርሻ፣ እኔ በሳይንስ፣ ቆዳ ውሃ ሲያገኝ እንደሚላላ ከማንም በላይ እናውቃለን። ግን ከእኛ ወገን ጠፍሮ የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ፀሐይን ነው፤ ሞፈር ቀንበር ውሃ ላይ ተንሳፍፎ አያውቅማ። ካያኩ ተበተነ። ሁለት ጀሪካን አቅፌ እየተንሳፈፍኩ ዳር ስቃረብ ዘበኛው ረጅም እንጨት ዘርግቶ ጎተተኝ። ክራንቼ ብቻውን ተንሳፍፎ ቀድሞኝ ወጥቶ ነበር።

አባቴ ጋቢያቸውን አልብሰው እቤት ወሰዱኝ። ትንሽ ስሞቅ «ነገ ጧት እንወጣለን» አሉ።

«የፈረሰው የእርስዎ ጠፍር ነው እንጂ የእኔ ካያክ አይደለም!»

«ውል ውል ነው።»

«በእኔ ማሰሪያ ብሄድ ኖሮስ?»

«ቀድመሽ ትሰጥሚ ነበር። ልጄ፣ ተይ። ዛሬ ያየሁትን ሁለተኛ አልይ። ተቀመጪ በቃ፤ ምናለበት ብትቀመጪ?»

እሳቸው ሲሉት ከሌላው ሰው አፍ የባሰ አመመኝ፤ ምክንያቱም እሳቸው እውነት ሊያሳርፉኝ ነው የሚሉት። ልብሴንና መጻሕፍቴን ፍራሼ ውስጥ ጠቅልለው፣ ለአህያዋ ጭነት ይዘውት በመጡት ረጅም የናይለን ገመድ ጥፍር አድርገው አሰሩት። እያለቀስኩ እጃቸውን አየሁ። እንዴት እንደሚያዞሩት፣ የት ላይ እንደሚያልፉት፣ የቱን ጫፍ እንደሚስቡ አየሁ። ናይለን መሆኑንም አየሁ። ናይለን ውሃ አይጠጣም።

ጎህ ሲቀድ አባቴ ጸሎታቸውን ሊያደርሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ፍራሼ ላይ ተቀመጥኩና ቋጠሮውን በጣቴ፣ እምቢ ሲለኝ በጥርሴ ፈታሁት። ድዴ ደማ። መጻሕፍቴ መሬቱ ላይ ፈሰሱ፤ ይፍሰሱ አልኩ፤ እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድ! ገመዱን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ በመጀመሪያው ባጃጅ ወደ ግድቡ ወረድኩ። ዘበኛው ጀሪካኖቼን፣ አጣናዬን፣ መቅዘፊያዬንና ማጥመጃዬን ሰብስቦ፣ ውሃው ዳር የጣለውን ወንበሬን ሳይቀር አስቀምጦልኛል። አባቴ ፍራሼን እንዳሰሩት አድርጌ ካያኬን አሰርኩት፤ ያው ዙር፣ ያው ቋጠሮ። ውሃ ዳር አውርጄ ነክሬ ሳብኩት። አልላላም።

ከዳሩ ጥቂት እንደራቅሁ አባቴ ከበቅሎዋና ከአህያዋ ጋር ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየኋቸው። ከርቀት እንኳ ቁጣቸው ይታወቃል።

«አንች ልጅ! ገመዴን!»

«ይምጡና ይውሰዱት!» አልኳቸው። ለአባቴ እንዲህ ያለ መልስ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ውል አፍርሰሻል!»

«አዎ፣ አፍርሻለሁ!» ብዬ ቀዘፍኩ።

ዞሬ አላየሁም። መሃሉን አለፍኩ። ወንበሬ አልዘመመም። ወዲያ ማዶ ደርሼ በመቅዘፊያዬ ድንጋዩን ነካሁት፤ ማንም ሲሻገረው ያላየሁትን ግድብ ተሻገርኩት። ስመለስ መሃሉ ላይ አዲሱን የመልሕቅ ድንጋዬን ጣልኩና መንጠቆዬን ትል አልብሼ ወረወርኩ። አባቴ እንደቆሙ ናቸው። «ይቀመጡ፣ አባባ!» ብዬ ጮህኩላቸው። አልተቀመጡም። ብዙ ቆየሁ። መጨረሻ ላይ የማጥመጃዬ ዘንግ ጎበጠ፤ ክንዴን የሚያህል ቀረሶ እየተንፈራገጠ ወጣ።

ዳር ስደርስ ዘበኛው «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ ነበር፣ የእኛስ ለጥቅምት ቆየ!» እያለ ካያኩን ጎተተልኝ። አባቴ ጎንበስ ብለው ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። አንዱን ሊነቀንቁት ሞከሩ፤ አልተነቃነቀም።

«ማን አስተማረሽ ይኼን?»

«ፍራሼን ሲያስሩ አየሁ።»

ዓሣውን አየት፣ ወንበሩን አየት፣ እኔን አየት አደረጉ። እንግዲህ ፍቺው ሊሉኝ ነው ብዬ እምቢታዬን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

«ፍራሹን በምን ልጭነው ታዲያ?» አሉ። «ገመዱ ሥራ ይዟል።»

ዓሣውን በቅጠል ጠቅልዬ አህያዋ ላይ አሰርኩላቸው። ነገ ረቡዕ፣ ጾም ስለሆነ ዛሬውኑ እንዲበሉት ነገርኳቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ተመረቅሁ። ከዚያ ለእኔ ባመጧት በቅሎ ላይ ራሳቸው ተቀመጡባት፤ አህያዋ ዓሣዋን ብቻ ይዛ ተከተለች።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ በቅሎዋን አቆሙ።

«አንች!»

«አቤት፣ አባባ!»

«ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጊው። አፍንጫው ይደፋል!»

እውነታቸውን ነበር፤ ስቀዝፍ ታውቆኛል። ግን ዳገቱን ወጥተው ከዓይኔ እስኪሰወሩ ድረስ አልነካሁትም።