ከሞረዳ ወደ ነመራ

በነቀምቴ በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ከጨመዳ ጋር አሥራ አንድ ዓመት አብሬ ሠርቻለሁ። እኔ፣ የሺአረግ፣ ታይፒስት ነበርኩ፣ እኩያዬ ጨመዳ ደግሞ የዘር ሐረግ አውጪ። ሰው ሁሉ ቀላል ሥራ ይመስለው ነበር፤ እስኪ ተቀምጠው ቢሞክሩት።

የርስት ክርክር ሲመጣ የግብር መዝገቦች ይቀርቡለታል። መዝገብ ማለት ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ መንደር እየተባለ የተሰመረ ነው፤ ማን ከማን እንደሚወለድ በአንድ እይታ አያሳይም። ጨመዳ በእያንዳንዱ ስም ጎን የአባትየውን ተራ ቁጥር ይጽፋል። የአባት ቁጥር ያልተገኘለት ከላይ፣ ከሐረጉ ራስ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ የመጀመሪያውን ልጅ ይዞ እስከ መጨረሻው የልጅ ልጅ ይወርዳል፤ ተመልሶ ይወጣና ሁለተኛውን ይዞ ደግሞ ይወርዳል። እንዲህ ሲወርድና ሲወጣ ዓይኑ ደከመ፣ ወገቡም ተቆረጠ። ጡረታው ሊደርስ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በ1956 ክረምት መግቢያ፣ የሞረዳ ጉዳይ መጣ።

ሞረዳ የኑኑ ቁምባ ባለርስት ነበሩ፤ ከአብራካቸው ልጅ ሳይወጣ ሞቱ። የወንድማቸው ልጅ መሸሻ መሬቱ ለእኔ ይገባል ብሎ ከሰሰ። መሬቱን ይዞ የሚያርሰው ነመራ ነበር። አባቱ ጆቴ የሞተበት ገና ዳዴ ሲል ሲሆን፣ ጎረቤታቸው ሞረዳ በሽማግሌ ፊት በጉዲፈቻ ወስደው አሳደጉት። በወለጋ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አብራክ ልጅ ወራሽ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ዳኛው ግን ገና ከሸዋ መምጣታቸው ነበርና ሐረጉ ከመዝገብ ይውጣልኝ ብለው አዘዙ።

ጨመዳ ሦስት ሳምንት ለፋ። ነመራን በአሮጌው መዝገብ በጆቴ ሥር፣ በአዲሱ በሞረዳ ሥር ተጽፎ አገኘው። አንድ ስም ሁለት አባት ከያዘ ሐረጉ ይጠላለፋል፤ ያው ሰው ሁለቴ ይቆጠራል። እንዲህ ሲያጋጥመው ምንጊዜም አሮጌውን ይዞ አዲሱን ይሰርዝ ነበር። ቀኑ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ደክሞታል፤ ነገሩ ጉዲፈቻ ይሆናል ብሎ ሳያስብ ሰረዘው። እሱ ራሱ የወለጋ ልጅ ሆኖ! እኔም ሳላስተውል በጽሕፈት መኪና ጻፍኩት፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

መሬቱ ለመሸሻ ተፈረደ፤ ይግባኝ ለማለት ስድሳ ቀን ተሰጠ። ነመራ በእግሩ መጥቶ ጉዳዩን ሲነግረው፣ ጨመዳ መዝገቡን ገልጦ አየ። መሳሳቱን አልካደም። ስህተቱን በፊርማው አረጋግጦ እንደሚጽፍለት ቃል ገባና ሰኞ ና አለው።

ሰኞ ሲደርስ ፈራ። የተሳሳተ ሐረግ አወጣ ተብሎ ጡረታውን እንዳያጣ መስጋቱን ነገረኝ፤ ደግሞም ደክሞኛል አለኝ። ለነመራ ዳኛው የሉም አለው። በሚቀጥለው ሰኞ አሞኛል ብሎ ከሥራ ቀረ። ከዚያ በመንገዱ ያለው ወንዝ ሞልቶ ነመራ ሁለት ሳምንት መሻገር አቃተው። እኔ ተናድጄ ጻፍለትና ይውጣልህ ስለው፣ ነገ ይለኛል። ነገ ነገ ሲል ስድሳው ቀን አለቀ።

በስድሳ ሦስተኛው ቀን ነመራ መጣ። «አካም ቡልተን፣ ኦቦ ጨመዳ» ብሎ፣ እንዴት አደሩ አቶ ጨመዳ ማለቱ ነው፣ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። መሸሻ መሬቱን በሲሶ እንዲያርስ እንደፈቀደለት ነገረን። ማንበብ አይችልምና በሐረጉ ላይ ያለበትን ቦታ እንዲያሳየው ብቻ ለመነው። ጨመዳ በጣቱ አሳየው። አባቴስ የት ነው ሲለው፣ ሞረዳንም አሳየው። ነመራ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ዘርግቶ በሁለቱ ስሞች መሃል ለካ፤ ስንዝር አልሞላም።

«ይህችን ለመቀጠል ነው ስድሳ ቀን ያነሰን?» አለ።

ጨመዳ ብዕሩን በቀለም ነክሮ ከሞረዳ ወደ ነመራ አንድ መስመር አሰመረ። ነመራ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆሞ አየውና የመሸሻን መሬት ሊያርስ ወደ ኑኑ ቁምባ ተመለሰ።