የአውሮፕላኑ ትንንሽ ቀለበቶች

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ፋጡማ ከጅቡቲ በካርቶን የመጣ ቁም ሣጥን ልትገጥም ሳሎኑ መሬት ላይ ዘርግታው ዋለች። የሰመራን ሙቀት መቼም ታውቁታላችሁ፤ ቬንትሌተሩም ቢዞር የሚያመጣው የምድጃ ትንፋሽ ነው። ላቧ በአገጯ እየተንጠባጠበ ጨረሰችና አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ እጇ ላይ ቀረች።

"ትርፍ ናት" ብላ ልትጥል ስትል እጇን ያዝኳት።

"ተይ፣ የምትገባበት አላት" አልኳት።

"እማማ ደግሞ መቼ ዕቃ ገጥመሽ ታውቂያለሽ?"

"አውሮፕላን ገጥሜያለሁ" አልኳት።

አላመነችኝም። ይኼው አሁን እኔ ስናገር እሷ ትጽፋለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አገሬ ከባቲ በላይ ነው። የአሰብ መንገድ ሾፌር አገባኝና አዋሽ አምጥቶ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ አስቀመጠኝ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። ከዚያ በወር አንዴ። ከዚያ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ የመኪና ድምፅ መለየት ጀመርኩ፤ የሱ መኪና ሽቅብ ሲይዝ ያስላል፣ እሱን አውቀዋለሁ። ሌላው ሁሉ ያልፋል፣ የሱ ግን የለም። ጎረቤቶቼ ክፉ አልነበሩም። ግን ሁሉም ለሥራ የመጣ ሰው ነው፤ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ደክሞት ይገባል። "ሐዋ" ብሎ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ሳላገኝ ሳምንት የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ወላሂ፣ አንዳንዴ ድምፄን ለመስማት ብዬ ብቻ ዶሮዎቹን እሰድብ ነበር።

በኋላ ጥጥ እርሻው ጆንያ ሰፊ ሆኜ ገባሁ። አንድ ቀን ካቦው መጣና "ስፌቷ የማይዛነፍ ሴት ማን ናት?" አለ። ሴቶቹ ወደኔ ጠቆሙ። "ጋሽ ሰይፉ መጋዘን ሂጂ፣ ጨርቅ የሚሰፋለት ይፈልጋል" አለኝ።

ጋሽ ሰይፉ ለጥጡ መድኃኒት የሚረጩትን አውሮፕላኖች ሞተር ሲጠግን ያረጀ መካኒክ ነበር። ሌሎች የሚነዱትን ሲጠግን ኖሮ፣ መንዳቱንም ከነሱ ለምዶ፣ በስተርጅና የራሱን አንድ አውሮፕላን ከውጭ አገር አስመጣ። ግን አውሮፕላን ሆኖ አልመጣም። ተበታትኖ፣ በሦስት ትልልቅ ሣጥን፣ በባቡር ነው የመጣው። መግጠም የራሱ ሥራ ነው። ሲያልቅ አስነስቶት አገሩ ጎጃም፣ እናቱ መንደር ድረስ ሊሄድ ነው። እናቱ አውሮፕላን በተባለ ቁጥር ልጄን የወሰደው ነገር ነው እያለች ስትረግም ነው የኖረችው አሉ።

ክንፉ የእንጨት አጥንት አለው። በአጥንቱ ላይ አቡጀዲ የመሰለ ጨርቅ ይለብስና ከላይ ወደ ታች በረጅም መርፌ ይሰፋል። እኔ ከላይ እወጋለሁ፣ እሱ ከታች ተጋድሞ ይቀበለኛል፣ መልሶ ይልክልኛል። ሦስት ወር እንዲህ ሠራን። መርፌው ሲሄድና ሲመጣ ወሬም አብሮ ይሄዳል ይመጣል። ስለ እናቴ ጠየቀኝ። አገራችን ስለሚዘራው ጠየቀኝ። እኔ ያንን ያህል የማወራ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር። ምሳ ሰዓት ዳቦና የግመል ወተት እንካፈላለን፤ ወተቱን አንዲት የአፋር ሴት በር ድረስ ታመጣልን ነበር፣ ጭስ ጭስ የሚል።

ጨርቁም ተሰፋ፣ ቀለምም ተቀባ፣ ሞተሩም ገባ። አንድ ነገር ቀረ። ከሣጥኑ ታች በላስቲክ የታሰረ ብዙ የፕላስቲክ ቀለበት ወጣ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል፣ መሐሉ ቀዳዳ፣ ስስ። የየዕቃውን ስም የያዘው ወረቀት ሣጥኑ ጣቢያ በቆየበት ጊዜ ምስጥ በልቶታል፤ የቀረው ዳርና ዳሩ ነው።

የትራክተሩ መካኒክ ሙሄ መጥቶ አየው።

"ጋሽ ሰይፉ፣ በስተርጅና ቀለበት ያስመጡት ሊያገቡ ነው እንዴ?"

"ቀልድህን ተውና ምን እንደሆነ ንገረኝ።"

"ሮንዴላ ነዋ፣ ብሎን ሥር የሚገባ።"

ጋሽ ሰይፉ አንዱን ብሎን ላይ አድርጎ አጠበቀው፤ ተሰነጠቀ። "ሮንዴላ እንዲህ አይሰበርም" አለ። ብሎኑን ሁሉ፣ ቧንቧውን ሁሉ አንድ በአንድ ሞከረ። "የማላውቀው ዕቃ እጄ ላይ እያለ ከመሬት አልነሳም" አለና ለሻጮቹ ደብዳቤ ጻፈ።

መልሱን ስንጠብቅ አንድ ቀን ከሰዓት ድንገት ዝናብ መጣ። ክንፉን ደግመን ቀብተን፣ ቀለሙ እንዲደርቅ ውጪ በርሜል ላይ አጋድመነው ነበር። ዝናቡ እንዳባራ ልናነሳው ስንል ከበደን። ውስጡ ውሃ ይንቦጫቦጫል። ከአውሮፕላኑ ጋር በሚገጥምበት፣ ክፍት በሆነው በኩል ዘቅዝቀን አፈሰስነው፤ ጋሽ ሰይፉም ልብሱን ሊቀይር ሄደ።

እኔ እዚያው ቀረሁ። ከክንፉ በታች እጄን ሰድጄ ጨርቁን ዳሰስኩ። አጥንትና አጥንት በሚገናኝበት ጥግ ሁሉ ውሃው ተኝቶ ጨርቁን አርጥቦታል። እንግዲህ ባሌ መኪና ላይ የሚያለብሰውን ሸራ የምጠግን እኔ ነበርኩ። ሸራ ገመድ ማስገቢያ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው እንዳይተረተር ዙሪያውን ቀለበት ይይዘዋል። አንዷን ቀለበት ወስጄ እርጥቡ ጥግ ላይ አስጠጋኋት። ልክ ናት። ጥጎቹን ቆጠርኩ፣ ቀለበቶቹን ቆጠርኩ። ከተሰበረችው ጋር እኩል ናቸው። ጨርቁ ላይ ይለጠፉና በመሐላቸው ጨርቁ ይበሳል፣ ውሃው በዚያ ይወጣል። ጋሽ ሰይፉ የሞተር ሰው ነው፤ ብረት ብረቱን ሲፈልግ ጨርቁን አላየውም።

ቀለበቷን ቦታዋ መለስኩና ዝም አልኩ።

ዕቃው ከታወቀ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ሥራው ካለቀ እሱ ጎጃም ነው፣ እኔ ወደ ጆንያዬና ወደ ዶሮዎቼ ነኝ። ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ጠዋት ስገባ "ሐዋ፣ እንዴት አደርሽ? ያቺ ጥርስሽ ተሻላት?" ይለኛል፤ መወልወያዬን አነሳለሁ። ሦስት ሳምንት እንደዚያ ሆነ። የሚሠራ ስለሌለ የተወለወለውን እንወለውላለን።

ኋላ የእርሻው ሰዎች መጡና ጥጡ ሊገባ ነው፣ መጋዘኑን ልቀቁ አሉ። ደብዳቤውም መልስ አልመጣለትም። ጋሽ ሰይፉ ቀለበቶቹን እጁ ላይ ሲያገላብጥ ቆየ።

"ትርፍ ቢሆን ነው። ቅዳሜ እነሳለሁ" አለ።

ጎጃም ዝናቡ ገና አላባራም፣ ደመና ነው። ያንን ውሃ ተሸክሞ ሲወድቅ ታየኝ። በማግስቱ ጠዋት ሳይቀመጥ ያዝኩት።

"ጋሼ፣ ቀለበቱ የውሃ መውጫ ነው።" ጥጎቹን አንድ በአንድ አሳየሁት።

በጀርባው ተንጋሎ ክንፉ ሥር ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ሌላ ሆኗል።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ዝናቡ የዘነበ ቀን።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ? ውሃ ይዤ ብነሳ ምን እንደምሆን ጠፍቶሽ ነው?"

"አልጠፋኝም።"

"ታዲያ ምን አድርጌሽ ነው?"

"ምንም። ሲያልቅ ይሄዳሉ ብዬ ነው።"

መፍቻውን ወርውሮ ወጣ። እስከ እኩለ ቀን አልተመለሰም። እኔ ልሂድ ልቆይ እያልኩ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። የአፋሯ ሴት ወተቱን አምጥታ ፊቴን አየችና አስቀምጣልኝ ሄደች። ሲመጣ አላየኝም። "ማስቲሹን አምጪ" አለኝ፤ እሷን ብቻ። እኔ እቀባለሁ፣ እሱ ይለጥፋል። በየቀለበቱ መሐል ያለውን ጨርቅ በጋለ ሚስማር በሳነው። አንድም ወሬ አልሄደም አልመጣም።

ቅዳሜ ጠዋት ልሰናበተው ሄድኩ። አውሮፕላኑን ሜዳው ላይ አውጥቶ፣ ጃኬቱን ለብሶ ቆሟል። ሰማይ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ዛሬ ነፋስ አለ። ነገ ነው የምሄደው" አለ።

የግራሩ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር።

ጃኬቱን አውልቆ ክንፉ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሐብሐብ ቆረጥን። የሚሠራ ነገር አልነበረንም፣ የሚወለወልም አልነበረም። እናቱ ልጅ ሳለ ዛፍ ላይ ሲወጣ እንዴት እንደምትመታው ነገረኝ። እኔ ስለ ባሌ ነገርኩት፤ እንደማይመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ያልኩት ያን ቀን ነው። "ቀድሞም ታውቂው ነበር" አለኝ። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ተቀመጥን።

እሁድ ሄደ። ጎጃም መድረሱን ሙሄ ከሰው ሰምቶ ነገረኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማሁም። እኔም በዓመቱ አዋሽን ትቼ ሚሌ ወረድኩ፣ ለሾፌሮች ሻይ አፈላሁ፣ ደግ ሰው አገባሁ፣ ወለድኩ። ሰመራ ከተማ ስትሆን ልጆቼ እዚህ አመጡኝ።

የሰው ሕይወት በእጄ ይዤ ዝም ማለቴን አላህ ይቅር ይበለኝ፤ እስከ ዛሬ ዱዓ ሳደርግ እጠይቀዋለሁ። የዕቃውን ቦታ ደብቄ ሰው ላስቀር ነበር። "ትንሽ ይቆዩ" ብዬ ብለምነው ኖሮ ይቆይልኝ እንደነበር ያወቅሁት ያቺን ቅዳሜ ነው። አሁን እላለሁ። ልጆቼ መጥተው ሻይ ጠጥተው ሲነሱ "ትንሽ ቆዩ" እላለሁ። አንዳንዱ መልሶ ይቀመጣል። አንዳንዱ "ሥራ አለብኝ እማማ" ብሎ ግንባሬን ስሞ ይሄዳል። ሲሄድም በሩ ድረስ ወጥቼ አየዋለሁ፤ ዝም ብዬ ያስቀረሁት ሰው የለም፣ ጠይቄ የሄደብኝ ግን ቢያንስ እንደፈለግሁት ያውቃል።